የእትዬ ጀሪካን ናሙና

እትዬ ጀሪካንን የማያውቅ ሰው ትምህርት ቤታችን ውስጥ የለም። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እንዳልሰማ ሆነው ያልፋሉ። የስፖርት ዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ክፍሉ ከደረጃው ሥር ያለ፣ አንገት ሳይደፉ የማይገባበት ጉሮኖ ነው። ኳስ የሚነፉ፣ ማልያ የሚያጥቡ፣ የተቀደደውን መረብ የሚጠግኑ እሳቸው ናቸው። ግጥሚያ ሲኖር ደግሞ ቢጫ ጀሪካናቸውን በውሃ ሞልተው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ ስኳር በጥብጠው ይመጣሉ። ኩባያዋ አንድ ናት፤ ሁሉም በእሷ ይጠጣሉ፣ ከአንዷ ወደ አንዷ ትዞራለች።

እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፤ የሴቶቹን መረብ ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። በዚያች ኩባያ ስንቴ ተጨቃጨቅን!

"እትዬ፣ ጉንፋን ይጋባሉ እኮ። የየራሳቸውን ኮዳ ይዘው ይምጡ።"

"አንተ ደግሞ! ተጸያይፈው እንዴት ኳስ ይቀባበላሉ?"

ክርክሩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። እኔም ሲጠማኝ በዚያችው ኩባያ እጠጣ ነበር።

ቡድናችን ችሎታ አያንሰውም፤ አቅም ነው የሚያንሰው። ገሚሶቹ ልጆች ምሳ ሳይበሉ ነው ለልምምድ የሚመጡት። ሁለት ዙር እንደ እሳት ይጫወቱና ሦስተኛው ላይ እግራቸው ይተሳሰራል። አምና ግማሽ ፍጻሜ ላይ የተሸነፍነው እንደዚያ ሆነን ነው። አጥቂያችን፣ ረጅሟ የምንላት ልጅ፣ ሜዳው መሐል ዘርፈጥ ብላ ስታለቅስ እትዬም አብረዋት አለቀሱ። ዓመቱን ሙሉ "ያቺ ልጅ አንጀቴን በላችኝ" ሲሉ ከረሙ።

ዘንድሮ ፍጻሜ ደረስን። እትዬ ታዲያ ለማንም ሳይተነፍሱ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ወዳለው ጂም ይሄዳሉ። በሩ ላይ ዱቄትና ኪኒን የሚሸጥ ጎረምሳ አለ፤ ክንዱ የእኔን ጭን ያክላል።

"ልጄ፣ ቶሎ ለሚደክማቸው ልጆች የሚሆን ነገር አለህ?"

"ሞልቷል እናቴ! ይቺ ጉልበት ናት። ቪታሚን በሏት።"

ቪታሚን የሚለውን ቃል ሲሰሙ ልባቸው አረፈ። ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር የሚያድለው አይደል እንዴ? እሽጉን ገዙ፤ በፍጻሜው ጠዋት ከሎሚውና ከስኳሩ ጋር በጠበጡት። የዱቄቱን ጣዕም ሎሚው ዋጠው። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ጉዱ ከፈላ በኋላ ነው።

አሸነፍን። የመጨረሻው ዙር ላይ ልጆቹ ገና ከቤት እንደወጣ ሰው ይዘላሉ። እኔ ሞኙ ሥልጠናዬ ፍሬ አፈራ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ርዕሰ መምህሩ ዋንጫውን ታቅፎ ሜዳውን ዞረ፤ ትምህርት ቤታችን ከተከፈተ ጀምሮ ዋንጫ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅማ።

ከዘንድሮ ጀምሮ በተማሪዎች ውድድርም የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ገብቷል። ከአሸናፊው ቡድን አንዲት ተጫዋች በዕጣ ትወጣለች፤ ዕጣው ረጅሟ ላይ ወደቀ። ተቆጣጣሪዋ ሴትዮ መጸዳጃ ቤት ድረስ ተከትላት ገባች። ልጅቷ ስትወጣ "ቲቸር፣ ሰው ቆሞ እያየ እኮ አይመጣም!" ብላ አሳቀችን። አሳሳቢ ነገር የለም ብለን ረሳነው። እሷማ ሐሳቧ ሌላ ነበር፤ የስፖርት አዳሪ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ሻንጣ ልትገዛ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ አበረታች ተገኘባት። ሁለት ዓመት ትታገዳለች፤ አዳሪ ትምህርት ቤቱም ቀረ ማለት ነው።

አባቷ አናጺ ነው። ተጠርቶ ሲመጣ የመጋዝ ብናኙ ገና ከፀጉሩ አልረገፈም ነበር። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ሲያነብለት ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወደ ልጁ ዞረ።

"ከማን ተቀበልሽ?"

"ከማንም! አባዬ፣ አንተ ትሙት ምንም አልወሰድኩም።"

"በእኔ አትማዪ! መሣሪያው ይዋሻል? ሐኪም ይዋሻል? በሰው ፊት አዋረድሽኝ!"

ልጅቷ እስከዚያች ደቂቃ ታለቅስ ነበር፤ ልቅሶዋ ቀጥ አለ። አባቷን ትክ ብላ አየችው። ጣልቃ ልገባ አሰብኩ፤ ግን ምን ብዬ? ወረቀቱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው።

እትዬ ለአባትየው ወንበር ይዘው ገብተው ነበር። አስቀምጠው መውጣት ሲገባቸው ቆመው ቀሩ።

"ያ ያገኙባት ነገር ዱቄት ነው?" አሉኝ።

"ሊሆን ይችላል እትዬ።"

"እንግዲያስ እኔ ነኝ። ጀሪካኑ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ።"

ርዕሰ መምህሩ አባትና ልጅን ወደ ውጭ አስወጣና በሩን ዘጋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ከዚያ ውሃ ሁሉም ጠጥተዋል?"

"ሁሉም። ለተጠባባቂዎቹም ሰጥቻለሁ።"

"ይሄ ነገር ከወጣ ዋንጫው ይነጠቃል። የልጆቹ ሁሉ ስም ይጠፋል። እርስዎም እዚህ ሥራ ላይ አይቆዩም። እስቲ ያስቡት፤ ሁሉም ከሚጠፉ አንዷ ብትቀጣ አይሻልም?"

"አንዷ ምን አድርጋ?" አሉ እትዬ።

በእትዬ ተናድጄ ነበር፣ በጎረምሳውም፣ በዋንጫውም። ቢሆንም እገዳውን የሚወስነው የውድድሩ ኮሚቴ ፊት ብቻቸውን ሊቀርቡ አይገባም ብዬ አብሬያቸው ሄድኩ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ መሐል ላይ የምርመራው ሐኪም ተቀምጣለች። ሰብሳቢው እትዬን እስከ መጨረሻው አዳመጣቸውና ፈገግ አለ።

"እናት ነዎት፣ ይገባናል። ልጅቷን ለማዳን ብለው ነው።"

"ምን ያለው ነገር ነው! አድርጌያለሁ እያልኩህ!"

አስቀድመን ባስገባነው ማመልከቻ መሠረት ጎረምሳውን ጠይቀውት ኖሯል፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ እኚህን ሴትዮ አይቻቸው አላውቅም ብሏቸዋል። አላየሁም ባለ ማግስት እትዬ ተመልሰው ቢሄዱ ያንኑ እሽግ ሸጦላቸዋል፤ ገንዘብ ሲያይ አይችልም። እትዬ እሽጉን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሐኪሟ አገላብጣ አየችውና መለሰችላቸው።

"ይቅርታ እናቴ፤ የእኛ ላብራቶሪ ዱቄት አይመረምርም። የሚመረምረው ሽንት ነው።"

እትዬ ጀሪካኑን፣ ሎሚውንና ስኳሩን ሁሉ ይዘው የመጡት እንዴት እንደሠሩት ለማሳየት ነበር። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በለመደ እጃቸው ጨመቁ፣ በጠበጡ፣ እሽጉን ቀድደው ለቡድኑ የጨመሩትን ያህል ጨመሩ። ማሳያ መስሎን እናያለን። ኩባያዋን ሞልተው አነሱ።

"ሽንት ከሆነ የቸገራችሁ የእኔን ውሰዱ" አሉና ግጥም አደረጉት።

"እትዬ! ደም ግፊት አለብዎት እኮ!" ብዬ ጮህኩ።

"ዝም በል አንተ።"

ሐኪሟ ከመቀመጫዋ ዘልላ ተነሳች፤ ግን ኩባያዋ ባዶ ሆናለች። እጃቸውን ይዛ ትርታቸውን ስትቆጥር ቆየች። ደንግጣለች፣ ተናዳለች፣ "ይሄ በሥርዓታችን ውስጥ የለም" ትላለች። እትዬ ደግሞ ወሬ ጀመሩ። ስለ ባላቸው፣ ስለ መረቡ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያለማቋረጥ ያወራሉ፤ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። "ልቤ ከበሮ ይመታል" አሉኝ። "ለእነዚያ ሕፃናት ነው ይሄን የሰጠሁት? አፈር ልብላ!" ያኔ ብቻ ነው ድምፃቸው የተሰበረው። እኔም ንዴቴ ጠፍቶ ፍርሃት ብቻ ቀረ፤ እዚያው ይሞቱብኛል ብዬ ነበር።

ትርታቸው መለስ ሲል ሐኪሟ ኃላፊነቱን በራሴ እወስዳለሁ ብላ ተቆጣጣሪዋን ጠራች። ከመጸዳጃ ቤቱ የእትዬ ድምፅ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

"ኧረ በሩን ዝጊው፣ ልጄ!"

"አይቻልም እናቴ፤ ማየት አለብኝ።"

"ከሠርጌ ወዲህ እንዲህ አፍሬ አላውቅም!"

ሰብሳቢው በወረቀት ፊቱን ሸፍኖ ሳቀ።

ውጤታቸው መጣ። ረጅሟ ላይ የተገኘው ያው አበረታች እሳቸውም ላይ ተገኘ። ሌላም አልጠፋ፤ ለደም ግፊት የሚወስዱት፣ ውሃ የሚያስወጣው ኪኒን ለካ ስፖርተኛ እንዳይወስደው የተከለከለ ነው። ሐኪሟ "ስፖርተኛ ቢሆኑ ኖሮ በሁለት ጥፋት ነበር የምናግዳቸው" አለችኝ። ረጅሟ ነጻ ወጣች። ዋንጫው ተነጠቀ። እትዬ ከሥራ ተሰናበቱ።

ቁልፋቸውን ያስረከቡት ለእኔ ነው። ከልጆቹ ብዙዎቹ ሊሰናበቷቸው አልመጡም፤ አምበሏ እንዲያውም በዋንጫው አኩርፋ ሰላምታም ነስታቸዋለች። እትዬ "እውነቷን ነው" ብለው ብቻ አለፉት። በሩ ላይ ቆመን ሳለ ረጅሟ ከአባቷ ጋር መጣች። ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ የምትሄድበት ቀን ነበር። አባትየው የተሸከመውን ሻንጣ መሬት አስቀምጦ የእትዬን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ።

"ውለታዎን በምን እመልሳለሁ?"

"የምን ውለታ? እኔው አበላሽቼ እኔው አስተካከልኩ። ይልቅ ልጅህን ይቅርታ ጠይቃት።"

አናጺው ሐፍረቱን በሳቅ ሊሸፍን ሞከረ።

"ልጄ አይደለች እንዴ? በእኛ መካከል ምን ይቅርታ ያስፈልጋል? ይኸው እውነቱ ወጣ፤ አሁንማ አምኛታለሁ።"

ረጅሟ እትዬን አቅፋ ጉንጫቸውን ሳመች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"አባዬ፣ ኮሚቴዎቹ አያውቁኝም። ማስረጃ አምጪ ቢሉኝ አልቀየማቸውም። አንተ ግን አሳድገኸኛል። እኔን ለማመን የእትዬን ሽንት ነው የጠበቅከው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር። አባትየው ሻንጣውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ቀደመችው፤ ራሷ አንጠልጥላው ወደ አውቶቡሱ ሄደች።