ጋቢና ያልተቀመጡት ባለመኪና

አጎቴ ካረፉ ወዲህ ሰው ሁሉ ደግነታቸውን ያወራል። ደግ አልነበሩም፤ ሀብታም ነበሩ። ልዩነቱን ሀብታም አጎት እያለኝ ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ራሴን አስተምሬ ቦንጋ የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ የሆንኩት እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

ቡና የሚጭኑበት አይሱዙ ነበራቸው። ወደ ጅማ ሲሄዱ ጋቢናውን ለደመወዝተኛ ያከራዩና እሳቸው ጆንያው ላይ ይወጣሉ። እኔ ሰው እንዲያየኝ ከፍዬ ጋቢና እቀመጥ ነበር።

"አንተ ጸሐፊ፣ ወንበሩ ተመቸህ?" ይሉኛል ከላይ ሆነው። "ባለቤቱ እኮ እኔ ነኝ!"

መንገደኛው ሁሉ ይስቅብኛል።

በመጨረሻው ክረምት ሳንባቸውን ታመሙና ጅማ ልናሳክማቸው ተነሣን። ጋቢናው ውስጥ ሁለት አስተማሪዎች ከፍለው ተቀምጠዋል።

"ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ አንዱ ይውረድና እርስዎ ይግቡ። ሒሳቡን እኔ እመልስለታለሁ" አልኳቸው።

"ለእሱ ከምትመልስ ለእኔ ስጠኝ፤ እኔ ላይ እወጣለሁ።"

"ዝናብ እኮ ነው!"

"ዝናቡ ያስከፍላል እንዴ? ለዚህ ነው ደመወዝህ ከወር ወር የማያደርስህ።"

እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። ብሩን ኪሳቸው ከተው እየሳሉ ወጡ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ጅማ ሳንደርስ፣ ሸራ እንደለበሱ ክንዴ ላይ አረፉ።

አሁን ሁለቱ ልጆቻቸው ጋቢናውን ሞልተው ይሄዳሉ። ተሳፋሪ አይጭኑም፤ ጆንያው ላይም ማንም የለም። መኪናዋን ማን እንደሚገዛት አላውቅም፤ በዚህ አያያዛቸው እንደሚሸጧት ግን አውቃለሁ።