አረፋው የሚጠራቀምበት

ሴትዮዋ ስትመጣ መረብ ጠጋኙ ቀና ሳይል በእርምጃዋ ያውቃታል። በአንድ እግሯ የሚሰፋት የወንድ ቦት ጫማ፣ በሌላው የላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው ያደረገችው፤ ዷ፣ ሸርተት፣ ዷ፣ ሸርተት። ትከሻዋ ላይ መቅዘፊያ፣ ወገቧ ላይ ቢላዋ። ስሟን የሚያውቅ የለም።

ነፋሱ ከባሕሩ ወደ ዳር ሲነፍስ፣ ማዕበሉ አረፋውን እየገፋ የድንጋዩ ግድብ ሥር ያጠራቅመዋል። ገና የተፈለፈሉ፣ ዓይን ብቻ የሚመስሉ የዓሣና የሸርጣን ጫጩቶችም አብረው ይመጣሉ፤ መዋኘት አይችሉማ፣ ውሃው ወደወሰዳቸው ነው። ነፋሱ ከዞረ ደግሞ ለዓይን እንኳ አይገኙም። ታዲያ በደጉ ነፋስ የመንደሩ ጎረምሶች ቀዳዳው እንደ አጎበር በጠበበ መረብ ሊዝቋቸው ይወርዳሉ። እሷም ትወርዳለች።

ዛሬ አንዱን በመቅዘፊያው አፉን አለችው። ጥርሱን ከነደሙ ተፋው። መረቡንም ከላይ እስከ ታች ዘነጠለችው።

"አንቺ እብድ! ለዓሣ ጫጩት ብለሽ ሰው ትገያለሽ?" ብሎ ጮኸ ጓደኛው።

መረብ ጠጋኙም ለጫጩቶቹ ይመስለው ነበር። ሮጦ ክንዷን ያዘ። "እትዬ፣ በቃ ተይው፣ ልጅ እኮ ነው!"

"የኔስ ልጅ አልነበረም?" አለች ተንበርክካ፣ የተቀደደውን መረብ በሁለት እጇ እየበረበረች። "እሱም መዋኘት አይችልም ነበር። ውሃው የወሰደውን እዚህ ነው የሚጥለው። እነዚህ ግን ዓሣ ያልሆነውን ሁሉ መልሰው ወደ ጥልቁ ይወረውሩታል።"

መረብ ጠጋኙ ክንዷን ለቀቀ። ያ አንድ እግር ቦት ጫማ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባው። ባሕሩ እስካሁን ከልጇ የመለሰላት ጫማውን ብቻ ነው።