ለአራት የታጠፈው ወረቀት

ሚዛን አማን ከመጣሁ የመጀመሪያዬ የቡና ወቅት ነበር። በአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ውስጥ የማሽን ክፍሎችን በኮምፒውተር እነድፍ ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ወጣቱ ኃላፊ ራሱ መጣ፤ የጎን ክዳኑ የተሰነጠቀ የመፈልፈያ ከበሮ በባጃጅ ጭኗል። ቀይ ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ ገበሬው ደግሞ ማስረከብ ጀምሯል። እኔ ሰዉ ሁሉ «ይህቺ ልጅ ከላፕቶፕ ሌላ ምን ታውቃለች?» የሚለኝ አዲስ ሠራተኛ ነኝ። «ዛሬውኑ ይደርሳል» ብዬ ቃል ገባሁ። ማን ጠየቀኝ?

የምነድፍበት ፕሮግራም ክብ ነገሮችን መሐል ለመሐል የሚያስር ትእዛዝ አለው። አንዱ ቢሰፋ ሌላው መሐሉን ሳይለቅ ይከተለዋል። ግን ማሰሪያው ሲበዛ አሮጌዋ ላፕቶፔ ታቃስታለች፤ መብራት ሲሄድባት ደግሞ ሥራዬን ይዛብኝ ትጠፋለች። ስለዚህ ለፍጥነት ብዬ ማሰሪያውን መተው ለምጄ ነበር። የዘንጉን ቀዳዳ ከክዳኑ ጠርዝ ለክቼ በቁጥር አስቀመጥኩት። በኋላ ለክዳኑ ጠርዝ ከተማው ውስጥ የተገኘው ቧንቧ ሰፋ ያለ ሆነና ክዳኑን አሰፋሁት፤ ቀዳዳው ግን የድሮ ቦታው ላይ ቀረ። ልዩነቱ ጥቂት ሚሊሜትር ስለነበር አላየሁትም። ንድፉን በልኩ አትሜ ለባለቶርኖው ሰጠሁ።

ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጠው ቶርኖ የአንድ ጠና ያሉ ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ኮምፒውተር አይነኩም። ክብ ንድፍ ሲሰጣቸው ወረቀቱን ዙሪያውን በመቀስ ይቆርጡና ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ያጥፉታል። እጥፋቶቹ የሚገናኙበት መሐሉ ነው። እኔ ብልጧ በልቤ እስቅባቸው ነበር።

ያን ቀን አጥፈው ዘረጉት። ከዚያ ቆሞ ወደሚጠብቀው ኃላፊ ዞረው፣ «ቢላዬ ደንዟል፤ ልሳለው። ግማሽ ሰዓት ታገሠኝ» አሉት። በአጠገቤ ሲያልፉ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጉት። እጥፋቶቹ የተገናኙት እኔ ከነደፍኩት ቀዳዳ መሐል ፈንጠር ብለው ነበር።

እንደዚያው ቢቆረጥ ከበሮው እየተንገዳገደ ፍሬውን ይጨፈልቀው ነበር፤ እኔንም ከዚያ ወዲያ የሚያምነኝ አይገኝም። ፊቴ ጋለ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ክዳኑን፣ ዘንጉንና ከበሮውን መሐል ለመሐል አሰርኳቸው። ላፕቶፔ አቃሰተች፤ ታገሥኳት። አዲሱን ንድፍ አትሜ ስወስድላቸው ጋሼ እሱንም አጠፉት፤ ራሳቸውን ነቀነቁና ቶርኖውን አስነሡ።

ከበሮው ሳይመሽ ሄደ፤ የዕለቱም ቡና በዕለቱ ተፈለፈለ። ኃላፊው ደውሎ ሲያመሰግነኝ አንገቴን ደፋሁ። ምስጋናው የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ወደ ጋሼ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ቢላው እኮ አልደነዘም ነበር።»

«አዎ፣ ትናንት ነው የሳልኩት» አሉኝ።

«ታዲያ ስህተቱ የእኔ መሆኑን ለምን አልነገሩትም?»

እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ነገም እዚህ ትሠሪ የለ?» አሉ።

ይኸው እስካሁን እሠራለሁ፤ እግዜር ይስጣቸው።