ጋሽ መርዕድ ያልጨረሱት የሕይወት ታሪክ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «ማማ፣ ሬፈራት አለብኝ፤ ስለ አንድ የድሮ እንግሊዛዊ ልብ ወለድ ጸሐፊ ክፍል ፊት ቆሜ ላወራ ነው» አለችኝ። ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጬ ወንበር ሳብኩ። ጋሽ መርዕድ ትዝ ብለውኝ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ 2008 ነበር። የሃያ አራት ዓመት ወጣት ሆኜ እዚህ ጀርመን፣ ሆኽስት በሚባል ሰፈር ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን እንከባከብ ነበር። ጋሽ መርዕድ አንዱ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሥነ ጽሑፍ ሊማሩ መጥተው፣ አገር ቤት መንግሥት ሲገለበጥ መመለሻ አጥተው ቀሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኬሚካል ፋብሪካ ሠሩ። ማታ ማታ ግን የአንዲት ደራሲን ሕይወት በአማርኛ ይጽፉ ነበር፤ እንግሊዞች ልብ ወለድ መጻፍ በጀመሩበት ዘመን ልጆቿን በብዕሯ ያሳደገች ሴት። «መጽሐፏ ላይ ስሟን እንኳ አላወጡላትም!» ይሉኝ ነበር፣ የገዛ እህታቸው የተበደለች ይመስል።

ዓይናቸው ሲደክም እሳቸው እየነገሩኝ እኔ መጻፍ ጀመርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፣ ምስር ሾርባችንን ከጠጣን በኋላ። ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ስለነበር በመስኮቱ የእርጥብ ቅጠል ሽታ ይገባል፤ ከወንዙ በኩል ጉም ይመጣል። ደራሲዋ የታመመችበት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ቆሙ።

«ጋሽ መርዕድ፣ እንጨርሰው እንጂ።»

«ቆይ ልጄ፣ ትንሽ ትኑር።»

ብርዱ ሲበረታ ስትሮክ መታቸውና ሆስፒታል ገቡ። ከወንዙ ማዶ ሽቫንሃይም የምትኖር ሄለን የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እዚሁ ተወልዳ አማርኛ ሳትለምድ ያደገች። «ልጅ ሆኜ በሩን ዘግቶ ይጽፍ ነበር። ምን እንደሚጽፍ ንገሪኝ» አለችኝ በጀርመንኛ። ጽሑፉን ይዤ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። የደራሲዋ ትንሽ ልጅ በር ስታንኳኳ እናትየው «አንድ መስመር ብቻ ቀረኝ» የምትልበት ቦታ ስደርስ ሄለን አፏን በእጇ ያዘች።

«እኔም አንኳኩቼ ነበር፣ ፓፓ» አለች።

የተኙ መስሎን ነበር። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ግቢ» አሉ፣ በአማርኛ።

ሄለን ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለ?»

«ግቢ ነው ያለሽ።»

ደረታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሳምንቱ ሳያልቅ ዐረፉ።

ጽሑፉ ያለ መጨረሻ ምዕራፉ ዛሬም ሄለን ቤት አለ። እንድጨርሰው ለምናኝ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን ሁሉ ስነግራት ልጄ «ደስ ይላል እኮ፣ ታረቁ» አለችኝ፣ እሷም በጀርመንኛ። ልክ ሳትሆን አትቀርም። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ አባት ልጁን «ግቢ» ሲላት አስተርጓሚ ማስፈለጉ ነው።