ለእትዬ የሺ የተጋበዘው ዘፈን

ባለፈው ሳምንት እትዬ የሺ «ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘሽ ነይ» ብለው ላኩብኝ። የንስሐ አባታቸው፣ በፍልሰታ ጾም ቅዳሴ ላይ እንዲታሰቡላቸው፣ የሞቱባቸውን ዘመዶች ስም አጽፈው እንዲሰጧቸው ጠይቀዋቸው ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ሞልቶ እያለ እኔን የሚያስጠሩኝ «የትርንጎ ጽሕፈት ያምራል» እያሉ ነው። ጁስ ቤቴን ለልጄ ትቼ፣ ማንጎ ያጣበቀውን እጄን ታጥቤ ወጣሁ። ቤታቸው ከእኔ ቤት ሦስተኛው ግቢ ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን የጣርማ በርን ዳገት በእግሬ የወጣሁ ያህል ነበር ያለከለክሁት። እስክሪብቶ ይዤ ወደ እሳቸው ቤት መግባት ያስፈራኛል። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ነገሩ የሆነው በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የድንበሩ ጦርነት ጊዜ። ሸዋ ሮቢት የመንገድ ከተማ ስለሆነች ጦርነቱን ከሬዲዮው ቀድመን በመኪና እናውቀው ነበር። ወታደር የጫነ መኪና ወደ ሰሜን ሲያልፍ ሴቶቹ ውሃና ማንጎ ይዘው ወደ አስፋልቱ ይሮጣሉ፣ እኛ ተማሪዎቹ እናጨበጭባለን። መኪናው ሲመለስ ሸራው ወርዶ ነው። ያኔ ማንም አያጨበጭብም።

ጌታነህ የእትዬ የሺ አንድያ ልጅ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ሌላ ልጅ የላቸውም። ጌታነህ አስፋልቱ ዳር ጎሚስታ ነበር፤ ጀውሃ አካባቢ ጎማው የተነፈሰበት ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ግራሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ካሴት ያጫውታል። አዲስ ካሴት የሚያመጡለት ሹፌሮቹ ስለነበሩ አዲስ ዘፈን መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ጋ ነው። የሰፈሩ ኮረዳ ሁሉ ወፍጮ ቤት ስትላክ በእሱ በኩል ዞራ ትሄዳለች። እኔም እዞር ነበር፤ አሁን ምን ያሳፍረኛል፣ ወድጄው ነበር! እናቱን እንደ እኩያው «የሺዬ» ነበር የሚላቸው። «እማዬ በል እንጂ፣ አንተ ባለጌ!» ይሉታል እየሳቁ። ሲዘምት ማንንም አላማከረም። የጎሚስታ ቤቱን ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አስቀምጦላቸው ሄደ።

ያኔ እሑድ ከሰዓት በሬዲዮ የሚተላለፍ የዘፈን ግብዣ ነበረ። ወታደሮች ከግንባር ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ለቤተሰቦቻቸው ዘፈን ይጋብዛሉ። የእኛ ሬዲዮ ትልቅ ስለነበር የሰፈሩ እናቶች የሚለቅሙትን ማሾ በየሰፌዳቸው ይዘው እኛ ግቢ ማንጎው ሥር ይሰበሰባሉ። አቅራቢው ስም መጥራት ሲጀምር እጃቸው ሁሉ ሰፌዱ ላይ ይቆማል። ልጇ የጋበዘላት እልል ትላለች። ያልተጋበዘላት አቀርቅራ ጠጠሯን ትለቅማለች።

ይኼን ለልጄ ስነግራት ትስቃለች። «ደህና ነኝ ለማለት ይኼ ሁሉ ጣጣ?» ትለኛለች። እሷ የሰው ሞት ከቤተሰቡ ቀድማ በስልኳ የምታይ ናት፤ ከፎቶው ሥር «ነፍስ ይማር» ብላ ጽፋ ወደሚቀጥለው ቀልድ ታልፋለች። ቢያናድደኝም አልፈርድባትም። በእሷ ዕድሜ የሠራሁትን እኔ ነኝ የማውቀው።

አራት ወር ሙሉ ከጌታነህ ምንም አልተሰማም። በየእሑዱ ዝግጅቱ ሲያበቃ እትዬ የሺ ወደ እኔ ዘወር ይላሉ። «ትርንጎዬ፣ ስሜን ዘለውት ይሆን እንዴ? አንቺ ጆሮሽ ደህና ነው» ይሉኛል። ምግብ እየተዉ፣ እያነሱ ሄዱ። ፋሲካ ባለፈ ሰሞን መቀነታቸውን አንድ ዙር ጨምረው ሲታጠቁ አየሁ።

ቤት ገብቼ ከደብተሬ መሐል ወረቀት ገነጠልኩ። ግንባር እንዳለ ወታደር ሆኜ፣ በጌታነህ ስም፣ «ሸዋ ሮቢት ለምትገኘው ለውድ እናቴ ለወይዘሮ የሺመቤት፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ እያልኩ፣ ስለ እናት የተዘፈነ ዘፈን ጋብዙልኝ» ብዬ ጻፍኩ። «ውድ እናቴ» ያልኩት የሁሉም ደብዳቤ እንደዚያ ስለሚል ነው። ከሸዋ ሮቢት መላኩ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣ ሹፌር ሰጠሁትና እዚያ ፖስታ ቤት እንዲጥልልኝ ለመንኩት። ምን ያለሁ ብልጥ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ብልጠቴን አፈር ይብላው!

ሦስት እሑድ አለፈ፣ ምንም የለም። በአራተኛው ሳምንት ዓርብ ቀን አንድ በክራንች የሚሄድ ወታደር አባቴን ጠይቆ መጣ። የጌታነህ ጓደኛ ነው። ጌታነህ ከወደቀ ሁለት ወር አልፎታል አለ። እኔ «ደህና ነኝ» ብዬ ስጽፍለት አፈር ውስጥ ነበር ማለት ነው።

እኛ ጋ መርዶ እንዲሁ አይወረወርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል። የእትዬ የሺ ወንድም ከማጀቴ ከተማ እስኪመጡ ተብሎ ለሰኞ ንጋት ተቀጠረ። እስከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፣ እሳቸው ብቻ አያውቁም። እናቴ ለለቀስተኛው የሚቀርበውን የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ እሑድ ጠዋት ዘፈዘፈችው። እኔ ስለ ደብዳቤው ልናገር ስንቴ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ደብዳቤው መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

እሑድ ከሰዓት እትዬ የሺ እንደ ወትሯቸው ሰፌዳቸውን ይዘው መጡ። እናቴ ሬዲዮውን እንዳልከፍት በዓይኗ ከለከለችኝ። አባቴ ግን ወደ ጓዳ ጠራኝ።

«ክፈቺው» አለኝ በሹክሹክታ። «እኛ ሰፈር ሬዲዮ ዝም የሚለው ሰው ሲሞት ነው። ከተዘጋ ዛሬውኑ ይነቁብናል።»

ከፈትኩት። ሙቀቱ ያፍናል፣ ዝንቡ በበሰለው ማንጎ ላይ ይጮኻል፣ ሴቶቹ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። እትዬ የሺ የተዘፈዘፈውን እህል አይተው «ይኼ ሁሉ ንፍሮ ለማን ነው?» አሉ። «ለማኅበር ነው» አለች እናቴ ቀና ሳትል።

አቅራቢው ሁለት ሦስት ስም ጠራ። ከዚያ «ወታደር ጌታነህ፣ ሸዋ ሮቢት ለምትገኘው...» አለ። ከሬዲዮው አጠገብ ነበርኩ። እጄን ብዘረጋ ላጠፋው እችል ነበር። አልዘረጋሁም። የገዛ ቃሌን በሰው አፍ፣ እስከ መጨረሻው፣ ቆሜ ሰማሁት።

እትዬ የሺ ሰፌዱን ለቀቁት፤ ማሾው በግቢው ተበተነ። «እልልልል! ሰማችሁ? ልጄ አለ! ደህና ነኝ አለኝ!»

ከዚያ እናቴ እንባዋ እየወረደ እልል አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። የጌታነህን ሞት የሚያውቁ እናቶች፣ ልባቸው እየደማ፣ ከእናቱ ጋር እልል አሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ እትዬ የሺ ሁሉንም አንድ በአንድ ስመው «በሉ ይኼን ንፍሮ ቀቅሉት! ለማኅበሩ ሌላ እንዘፈዝፋለን። ዛሬ የእኔ ደስታ ነው» አሉ። እምቢ የሚል ሰው ከየት ይምጣ? ተቀቀለ። ከስንት ሳምንት በኋላ ሲበሉ ያየኋቸው ያኔ ነው። ለእኔም እፍኝ ሙሉ በእጃቸው ሰጡኝ። የጌታነህን የለቅሶ ንፍሮ እንዲህ አድርገን በላን።

ሰኞ ንጋት አባቴ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ወንድማቸውና ወታደሩ ገቡ። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ አዳምጣለሁ። አባቴ ገና ነገሩን ሲጀምር እትዬ የሺ ሳቁ።

«ትናንት ዘፈን የጋበዘኝን ልጅ ነው ዛሬ ሞተ የምትሉኝ?»

«ደብዳቤ እኮ መንገድ ላይ ይቆያል፣ እትዬ የሺ» አለ አባቴ።

ወታደሩ የጌታነህን ሹራብ ከፌስታል አውጥቶ ዘረጋላቸው። ያኔ ነው የጮኹት። «ሰርቀኸው ነው! ጥለኸው ሸሽተህ፣ ደግሞ ልታሟርትብኝ መጣህ? ውጣልኝ! አንተ ቀጣፊ!» በእኔ በኩል ሲያልፍ ፊቱን አየሁት። በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይርቅም። «እውነቱን ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዝም አልኩ። ያ ልጅ ዳግመኛ እኛ ከተማ አልታየም።

እትዬ የሺ ከል አልለበሱም። አርባም ተዝካርም አላወጡም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ለመርዶው ከቀበሌ ሲጠሯቸው አልሄዱም። ሰውም «እሳቸውን ተዉአቸው፣ ነካ አድርጓቸዋል» አለና ተዋቸው። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጁስ ቤት ከፈትኩ። በየሳምንቱ ፓፓያ ይዤ እጠይቃቸዋለሁ። «እንደ ልጅ ሆነሻቸዋል፣ ተባረኪ» ይለኛል ሰፈሩ። ይኼ ምርቃት እንዴት እንደሚያቃጥል!

ባለፈው ሳምንት ስገባ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር። የጎሚስታ ቤቱ ቁልፍ ዛሬም ማተባቸው ላይ ነው። የክርስትና ስም እየጠሩ አስጻፉኝ፤ የባላቸውን፣ የእናት አባታቸውን፣ ካቻምና የሞቱትን የማጀቴውን ወንድማቸውን። «አለቀ» አሉ።

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ።

«እትዬ የሺ፣ ጌታነህስ?»

ማተባቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጡ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፣ አልጋው ሥር ተንበረከክሁ። «ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «መጀመሪያ ደስታው አደነቆረኝ። ንፍሮውን ስሰጥሽ ግን ዓይኔን ማየት አቃተሽ። ያኔ ገባኝ። ጌታነህ መቼ ‹ውድ እናቴ› ብሎኝ ያውቃል?»

«ታዲያ ሰኞ ዕለት...?»

«ያ ምስኪን ልጅ እውነቱን ነበር። እያወቅሁ ነው ያባረርኩት። ነፍሴ የምትፈራው የእሱን ዕዳ ነው።»

እንባዬን ጠርጌ ወረቀቱን አነሣሁ። «እንግዲያው ልጻፈው። የክርስትና ስሙን ይንገሩኝ» አልኳቸው። በዚያ በቀጠነ እጃቸው እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

«ተይ ልጄ። አንዴ ጽፈሽ አኑረሽልኛል። ዛሬ ደግሞ ጽፈሽ አትግደይብኝ።»

ወረቀቱን እንዳለ ለቄሱ ሰጠሁ። ትናንት ቅዳሴ ላይ ቆሜ የእትዬ የሺ ዘመዶች ስም ሲነሣ ሰማሁ። ሲጨርሱ የእሱን እኔ በልቤ ልጨምርለት አልኩ። ግን ምን ብዬ? ስወደው የኖርኩትን ሰው የክርስትና ስሙን አላውቀውም። የሚያውቁት እትዬ የሺ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ውሃ እንኳ አልወርድ ብሏቸዋል።