የተመረገ ጎታ

«ምርጥ ተሞክሮ» የሚሉትን ነገር ስሰማ እስከ ዛሬ ጆሮዬን እደፍናለሁ። አጋነነች በሉኝ ግድ የለም። ደብረ ታቦር በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት ስሠራ ከዚያ ቃል ጋር ዓመታት ኖሬአለሁ፤ በስብሰባ ሰምቼዋለሁ፣ በጥራዝ ጽፌዋለሁ፣ ቆሜም አጨብጭቤለታለሁ። አሁን ሳስበው ከሁሉ በላይ የሚቀፈኝ ያ ማጨብጨቤ ነው።

ያኔ መጽሐፍ እየጻፍኩ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር «ምን ቸገራት፣ ሥራ ፈት» መባሌ አይቀርም። ሥራ ፈት! ጠዋት ገብቶ መፈረም፣ አራት ሰዓት ላይ ስብሰባ፣ ከሰዓት የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ በማግስቱ ደግሞ ቃለ ጉባኤው ለምን ዘገየ ተብሎ ሌላ ስብሰባ። ቅዳሜ ለቅሶ፣ እሁድ ማኅበር፣ ከማኅበር መልስ ዕድር። ኤጭ! በዚያ አገር ሰው ሞቶም ቢሆን ከስብሰባ የሚቀር አይመስለኝም ነበር።

ስለዚህ ከእንቅልፌ ላይ ሰረቅሁ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ እስከ አንድ ሰዓት እጽፋለሁ። የደብረ ታቦርን የኅዳር ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤ፣ የካልሲ ጫፍ ቆርጬ እጄ ላይ አጥልቄ፣ ጣቶቼን ብቻ አውጥቼ ነበር የምጽፈው። አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ብቻ ይወጣኛል። ቢሆንም ያቺ ሰዓት የራሴ ነበረች፤ ማንም ገብቶ «አጀንዳ አንድ» አይለኝም።

የምጽፈው ስለ አንዲት ባልቴት ነው። በእውን ያሉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ለመስክ ሥራ ከገሳይ ከተማ በእግር ወደ ጉና ተራራ ግርጌ ስንወጣ በረዶ ያዘንና ቤታቸው ተጠለልን። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ጥቂት በጎች አሏቸው፣ ገብስና ድንች ያሳርሳሉ። እኔም እንደ አገሩ ወግ «እመይቴ» አልኳቸው። ከቤታቸው ጥግ ክዳኑ በእበት የተመረገ ጎታ ቆሟል። ውስጡ ከእናታቸው የወረሱት የገብስ ዘር ነው፤ ጥቁርና ነጭ የተደባለቀበት፣ የጉናን ውርጭ የለመደ። መንደርተኛው ያንን ዘር ከተወው ቆይቷል። የቀረው እሳቸው ጎታ ውስጥ ብቻ ነበር።

«አንድ ክፉ ዓመት መጣብኝ» አሉኝ እሳቱን እየቆሰቆሱ። «ውርጭ ሁሉንም በላው። ሳማ ቀቅዬ በላሁ እንጂ ጎታውን አልነካሁም። ዘር የበላ ሰው ምን ሰው ይባላል፣ ልጀ?»

ይህን ቤቴ እስክገባ በቃሌ እያልኩ መጣሁና ሰማያዊ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። መጽሐፌ በእሱ ጀመረ። ከዚያ ወዲያ ሰበብ እየፈለግሁ ወደዚያ መስክ እወጣ ጀመር። ቤታቸው ሄጄ አንድ ቀን ሳልበላ ተመልሼ አላውቅም፤ ድንችም ቢሆን፣ ቆሎም ቢሆን ይቀርባል። እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ፣ በንጋታው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እጽፋለሁ።

ጉድ ያፈላብኝ አንድ ሪፖርት ነው። ስለ ውርጭ ጉዳት ስጽፍ እጄ የንጋቱን አመል አልለቅ ብሎ «ገብሱ እንደቆመ ሞተ» የሚል አስገባሁ። ኃላፊያችን በስብሰባ መካከል ጮክ ብሎ አነበበው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ «ለካ ደራሲ አብራን ኖራለች! እኛ በቃለ ጉባኤ እናባክናታለን» አለ።

በማግስቱ ጠርቶ የምርጥ ተሞክሮውን ሥራ ሰጠኝ። ሞዴል የሚባል ገበሬ ይመረጥና ምን ችግር እንደነበረበት፣ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንዳገኘ አሳምሮ መጻፍ ነው። ከዚያ የሌላ ወረዳ ሰዎች መጥተው ልምድ ይቀስማሉ። ለዚህ ብሎ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ለቀቀልኝ። የራሴ ክፍል ከነቁልፉ፣ ኮምፒውተር፣ ስብሰባ የለም።

ደስታዬን ምን ልበላችሁ! የእነሱን በአንድ ሰዓት ጨርሼ የቀረውን ለመጽሐፌ አደርገዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ጊዜ አገኘሁ፣ አለቀልኝ፣ ተገላገልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት መነሣቱንም ተውኩት፤ የተቆረጡትን ካልሲዎች አውጥቼ ጣልኳቸው። ጅል!

የተሞክሮው መሙያ ቅጽ ፊቴ ተዘርግቶ ቃል እምቢ አለ። ሞዴል ተብለው የመጡልኝ ገበሬዎች በወረቀት ላይ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «አመለካከታቸውን ቀይረው» ሁሉም «ተጠቃሚ ሆነዋል»። እንዲህ ያለውን ስደርት ውዬ ማታ ቤቴ ስገባ እንኳን መጽሐፍ፣ ስሜን መጻፍ ያስጠላኝ ነበር። ኃላፊው ደግሞ በየቀኑ በሬን ያንኳኳል፤ «ደራሲዋ፣ የት ደረሰ?» በሦስተኛው ሳምንት ሰማያዊውን ደብተር ከቦርሳዬ አወጣሁ። ትንሽ ለማሟሻ ብዬ ነው፤ እግዜር ያውቃል፣ ትንሽ ብቻ ብዬ ነው።

በአንድ ከሰዓት አለቀ። ውርጩ ገባ፣ ሳማው ገባ፣ ጎታው ገባ። እመይቴን ሞዴል አርሶ አደር አደረግኋቸው። ቅጹ ለውጥ ስለሚፈልግ የድሮውን ዘር አስተውኳቸው፤ በባለሙያ ምክር ምርጥ ዘር ዘርተው ዛሬ ጎታቸው እስከ አፉ ሞልቷል አልኩ። ያላደረጉትን! የሚያጣራም አልነበረም፤ አጣሪዋ እኔው ነበርኩና። ደግሞ እንዴት አምሮ ተጻፈ መሰላችሁ። አንድ ቦታ ላይ በራሴ ጽሑፍ እንባዬ መጣ። ያን እንባ ሳስታውሰው አሁን መትፋት ያምረኛል።

ጥራዙ ተወደደ፣ ተባዝቶ ተላከ። ግንቦት ላይ፣ በጀት ሳይዘጋ ጉብኝቱ ይካሄድ ተብሎ በሦስት መኪና እንግዳ መጣ። የቀበሌው ጸሐፊ ለእመይቴ ቀደም ብሎ ነግሯቸዋል። ግንቦት በጉና ግርጌ ምን ዓይነት ወር እንደሆነ እኔ፣ የግብርና ባለሙያ የተባልኩት፣ አሳምሬ አውቃለሁ። የሚበላው አልቆ ለዘር የተቀመጠው ብቻ የሚተርፍበት ወር ነው። ያን ቀን ግን አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። መኪና ውስጥ ሰዎች ጽሑፌን ሲያወድሱልኝ፣ እኔም «ኧረ ምንም አይደል» እያልኩ ስሽኮረመም ነበር የሄድኩት።

መኪኖቹን መንገድ ዳር አቁመን በእግር ወጣን። ቤቱ ስንደርስ የገብስ ዳቦው ተቆርሶ በየሰፌዱ ተደርድሯል፣ ጠላው በጋን ቀርቧል፣ በግ ታርዷል፣ የጎረቤት ሴቶች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እንግዶቹ በሉ። አበላላቸው ደግሞ! ጭቃ ጫማቸውን እንኳ ሳይጠርጉ መደቡ ላይ ተደረደሩ። አንዱ ሥጋውን በጥርሱ እየጎተተ «ዋናው አመለካከት ነው» ይላል፤ ስቡ በአገጩ ይወርዳል። ሌላው ከጎታው አጠገብ ቆሞ፣ የጠላ ዋንጫውን ክዳኑ ላይ አስደግፎ ፎቶ ይነሣል። እኔም በላሁ። ዳቦው ጣፋጭ ነበር፤ ደገምኩ።

ሁለተኛውን ቁራሽ ይዤ ነው ዓይኔ ክዳኑ ላይ ያረፈው። የተመረገበት እበት ተሰባብሯል።

ሰዎቹ ማሳ ሊያዩ ሲወጡ ወደኋላ ቀረሁና ጎታውን በእጄ መታ መታ አደረግሁት። ባዶ ነበር።

«እመይቴ፣ ዘሩስ?»

«እንግዳ በላው» አሉ ዋንጫ እያለቀለቁ።

«እንዴት ያወጡታል! ሳማ በልተው ያላወጡትን!»

ቀና ብለው አዩኝ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። «የቀበሌው ጸሐፊ የጻፍሽውን አነበበልኝ። ጎታዋ እስከ አፉ ሙሉ ነው ብለሻል። ታዲያ አንች ይህን ሁሉ ሰው አስከትለሽ መጥተሽ፣ እኔ የለኝም ብዬ ውሸታም ላስብልሽ? ስንት ቀን አብረን የበላን ሰዎች!»

ኃላፊው ከውጭ ተጣራ፦ «ደራሲዋ! የእንግዳ አቀባበላቸውንም ጨምሪበት፣ እሱ ራሱ ትልቅ ተሞክሮ ነው!»

ጨመርኩበት። ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በሬን ዘግቼ፣ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። አልጽፍም ማለት ይቻል ነበር፤ አላልኩም።

ዘሩን ፍለጋ ግን ወጥቻለሁ። ሁለት ቅዳሜ በጉና ግርጌ ከደጅ ደጅ ዞርኩ። «ያን ገብስ? እሱማ ድሮ ቀረ፤ እሳቸው ጋ ሳይኖር አይቀርም» ይሉኛል፣ ቤታቸውን በጣት እያሳዩኝ። ሰኔ ላይ መሥሪያ ቤታችን ለእመይቴ ምርጥ ዘር በከረጢት ወሰደላቸው። ከከረጢቱ ጋር ፎቶ አነሧቸው። ሌላ ምን ይዝሩ? እሱን ዘሩ።

ስለዚህ ሪፖርቴ ቃል በቃል እውነት ሆነ። የድሮውን ዘር ትተው ምርጥ ዘር ዘሩ። ውሸት የሆነው መጽሐፌ ነው። አሁንም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያለ ደወል እነቃለሁ፣ ጋቢዬን ደርቤ ሰማያዊውን ደብተር እከፍታለሁ። የመጀመሪያው መስመር «ጎታውን አልነካሁም» ይላል።