የእናቴ የጽጌ ተራ

መስከረም ጠብቶ ውሃው ከፎገራ ሜዳ መሸሽ ሲጀምር እነዚያን ፈረንጅ ባልና ሚስት እግራቸውን ይበላቸው ነበር። ክረምቱን ሙሉ ወረታ ላይ ክሊኒካቸው ውስጥ ተዘግተው የሰው ዓይን ሲያክሙ ይከርማሉ። ጭቃው ጠጠር ሲል ግን እሑድ እሑድ ማለዳ ቤታቸው ለብቻቸው ጸልየው፣ ቴርሞሳቸውን ሞልተው፣ ላንድሮቨራቸውን አስነስተው አገር ሊያዩ ይወጣሉ። ሚሲዮኖች ናቸው። ደርግ ብዙዎቹን መሰሎቻቸውን አባርሮ እነሱን ያቆያቸው ስለሚያክሙ ነው፤ ስለ ሃይማኖታቸው ትንፍሽ ላይሉ ፈርመዋል። እኔ አስተርጓሚያቸው ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ ከጎናቸው ስቆም በወረታ የሚያክለኝ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሽርሽሩ ሽርሽር የነበረው ለእነሱ ነው። ዓርብ ዓርብ የይለፍ ወረቀት ለማስፈረም አስተዳደር ቢሮ ደጃፍ ላይ የምገተረው እኔ ነኝ። የት ትሄዳላችሁ፣ ለምን ትሄዳላችሁ፣ ማንን ልታገኙ ነው እያለ ካድሬው የሚያፋጥጠው እኔን ነው። ወፍ ሊያዩ ነው ስለው የማላግጥበት ይመስለውና ዓይኑን ያፈጥብኛል። እውነቴን ነበር። ሴትዮዋ ሽመላ ለማየት ጭቃ ውስጥ ግማሽ ቀን መቆም የማይሰለቻት ሰው ናት።

አንድ እሑድ ርብ ድልድይ ላይ ከመኪና ወርዳ ፎቶ አነሳች። ድልድይ ፎቶ ማንሳት ክልክል መሆኑን ከአንዴም ሁለቴ ነግሬያቸው ነበር። ያነሳሁት ከሥሩ ያሉትን ከብቶች ነው አለችኝ። ጠባቂው ወታደር እሷን ምን ይላታል፤ እኔን ወደ ድንኳኑ ወሰደኝ። ማን ላከሽ፣ ለማን ነው የምትሠሪው ስባል ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት ዋልኩ። ለቀውኝ ስወጣ ባልና ሚስቱ ዋርካ ሥር ብርድ ልብስ አንጥፈው ብርቱካን ይልጣሉ። ሰውዬው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ የማይረሳ ቀን ዋልን አለኝ። ይኸው አልረሳሁትም።

በሌላ እሑድ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሄድን። ሕመምተኛው ገላውን ገልጦ ውሃው ውስጥ ተቀምጧል። ሴትዮዋ ካሜራዋን ይዛ ከራሳቸው በላይ ቆመች። ሴቶቹ በእጃቸው ጡታቸውን ሸፈኑ። አትፍሩ፣ ለማስታወሻ ነው በያቸው አለችኝ፤ እኔም አልኳቸው። አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አዩኝና "አንች የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። ይህን ሁሉ እያየሁ ለምን ዝም አልኩ ብትሉ መልሱ ያሳፍረኛል፤ እደርስበታለሁ።

በእኛ ደብር በወርኃ ጽጌ ካህናቱና ደብተራዎቹ የቅዳሜውን ሌሊት በማኅሌት ያነጋሉ። እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ደግሞ ተራ የደረሰው ቤት ሄደው ይመገባሉ። ተራው የአንድ ሰው ሳይሆን የቤት ነው። የእኛ ቤት ተራ ከአያቴ ለአባቴ የወረደ ነበር። አባቴ በሞተ በዓመቱ የደብሩ ሰዎች መጥተው እናቴን ተራውን ለሌላ ብትለቂው ምን ይመስልሻል አሏት። ወንድ የሌለበት ቤት አይችለውም ማለታቸው ነው። እናቴ እችላለሁ አለች። ከሰኔ ጀምራ ሽምብራዋንና ጤፏን ከአፏ እየቀነሰች አስቀመጠች፤ ጌሾዋን ራሷ ወቀጠች፤ ግድግዳውን በጭቃና በእበት እንደ አዲስ መረገች። ካህናቱ ገብተው ከተቀመጡ ቤታችን እንደ ድሮው ቤት ነው። ካልገቡ የአንዲት ባልቴት ጎጆ ነው። ለእናቴ ነገሩ ይኸው ነበር።

ቅዳሜ በጠዋት እንድደርስላት ሰው ልካብኝ ነበር። ከወረታ በእግር ሁለት ሰዓት ቢያስኬድ ነው። እኔ ግን ስለ ድግሱ ለሴትዮዋ አውርቼላት፣ እሷም ማየት እፈልጋለሁ ብላኝ፣ እሑድ በመኪና እንሂድ ብያታለሁ። የጎረቤት ሴቶች ሲለፉ እኔ ቅዳሜን ጸጉሬን ስሠራ ዋልኩ። ጭቃ ለጭቃ ተጉዤ ከምገባ በላንድሮቨር፣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የደብሩ ሰው ሁሉ እያየኝ ብገባ ብዬ ነው። እደርስበታለሁ ያልኳችሁ መልስ ይህ ነው።

ስንደርስ ቅዳሴው አላለቀም። እናቴና ሦስት ጎረቤቶቿ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ቤቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል፤ በኮባ የተጋገረው ድፎ ዳቦ መሶብ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ያን ዳቦ የንስሐ አባታችን ባርከው እስኪቆርሱት ድረስ የጋገረችውም እናቴ አትነካውም። ፈረንጆቹን ስታይ ፊቷ ልውጥ አለ፤ ግን ደጇ የደረሰ እንግዳ እንዴት ትመልስ። መደቡ ላይ አስቀመጠቻቸው።

ሴትዮዋ ከቅርጫቷ የራሷን ኬክ አወጣች። የቅቤውና የእንቁላሉ ሽታ ቤቱን ሞላው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ በዚያ ቤት በዚያ ቀን ግን የሁዳዴን ያህል ነበር። ኬኩን መሶቡ ላይ አስቀምጣ በቢላ ቆራረጠችው። ቀጥላ ነጩን ጨርቅ ገለጥ አደረገችና በዚያው ቢላ፣ ቅቤው ሳይጠረግ፣ ድፎውን መሃል ለመሃል ሰነጠቀችው። ከዳቦው አንድ ቁራሽ አንስታ ከኬኩ ጎን አደረገች፤ የእኔና የእሷ ጎን ለጎን እንዲህ ያምራል በያት አለችኝ። ሰውዬው ፎቶ አነሳ።

እናቴ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ሳቅሁ። አስቆኝ አይደለም። ሴትዮዋ ስትስቅ አብሬያት መሳቅ ለምዶብኝ ነበር።

ከጎረቤቶቹ አንዷ ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ምን አጣደፋት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ዝም ብትል ዳቦው በሌላ ይተካ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የንስሐ አባታችን ብቻቸውን መጡ። ከአጥሩ በር አላለፉም። እናቴ ሮጣ እግራቸው ላይ ወደቀች።

"አባቴ፣ ሌላ እጋግራለሁ። ዱቄትም አለኝ፣ እርሾም አለኝ" አለቻቸው።

"ልጄ፣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ነው። ደጀ ሰላም ቆሎ ቀምሰን እንበተናለን" አሉ።

መስቀላቸውን አሳልመዋት ሄዱ። እኒህ ሰው ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ግራ ዓይናቸው ተጋርዶ እጃቸውን ይዤ ክሊኒክ ያስገባኋቸው ናቸው። ያ ፎቶ ሲያነሳ የነበረ ሰውዬ ነው ያከማቸው። የፈረንጅ እጅ ዓይናቸውን ሲነካ ምንም አልነበረም፤ ዳቦ ሲነካ ግን ቤት ሙሉ ድግስ አስጣለ። ጾሙን አላቃልልም፤ እኔም የደብሩ ልጅ ነኝ። ግን አባቴን የቀበሩ፣ እናቴ በባልቴት ጉልበቷ ስትለፋ መክረሟን የሚያውቁ አባት አንድ ዳቦ እስኪበስል መታገሥ አቃታቸው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ። ባልና ሚስቱ ግን ምንም አልገባቸውም። ቤት ሙሉ ምግብ ቀርቧል፣ የሚበላ ሌላ ሰው የለም፤ ለእነሱ የተደገሰ መሰላቸው። እናቴም አቀረበችላቸው። ለካህናቱ ባዘጋጀችው መሶብ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ስልጆውን ደረደረች፤ እጃቸውን አስታጠበቻቸው፤ ቆማ ጠላ ቀዳችላቸው። ሰውዬው ሁለት ጊዜ አስጨመረ። ሌሎቹ እንግዶች የት አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ይመጣሉ አልኩት። እንዴት እንደዋሸሁት ሳስብ ያናድደኛል፤ ያኔ እውነቱን ብነግረው ቢያንስ ጉሮሮው ላይ በቆመበት ነበር።

በልተው ሲያበቁ ሴትዮዋ ተነሥታ የእናቴን ሁለት እጅ ያዘች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ኢትዮጵያ ከመጣን ጀምሮ እንዲህ ያከበረን ቤት የለም፣ በሚመጣው ዓመትም በዚሁ ቀን እንመጣለን በያት አለችኝ። እናቴ እጇን ሳትነጥቅ ወደ እኔ ዞረች።

"ምን አለች?"

እንደ ወረደ መተርጎም አልቻልኩም።

"ይቅርታ እየጠየቀችሽ ነው" አልኳት።

እናቴ ፊቴን ትክ ብላ አየችው።

"ይቅርታ? እሷ ምን አጠፋችና? አገሩን አታውቅ፣ ጾሙን አታውቅ። አንች ግን እዚህ ተወልደሽ ነው የሳቅሽብኝ።"

ሴትዮዋ፣ እናትሽ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። አመሰገነችሽ አልኳት። ከዚያ ወፎቹን ሊያዩ ወደ ሐይቁ ወረዱ፤ እኔም አስተርጓሚ ነኝና አብሬያቸው ሄድኩ። በሳምንቱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወረታ ገበያ ላይ አገኘኝና እነዚያን ቄሶች አሳፈርሽልን ብሎ እጄን ጨበጠኝ፤ ቢሰድበኝ እንኳ ከዚያ ባልባሰ ነበር።

በዓመቱ ተራችን ለሌላ ቤት ተሰጠ። እናቴ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ቅዳሜ በጠዋት እንስራዋን አዝላ ለዚያ ቤት ውሃ ልትቀዳ ሄደች፤ ለእኔ ግን ነይ ብላ ሰው አልላከችብኝም።